ተጫዋቹን የሚያምኑ ጨዋታዎች

ለውድ ወዳጄ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለከበረ ጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰብህስ ደህና ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በጣም ደህና ነኝ። ከተጻጻፍን እጅግ ረዥም ጊዜ ሆኖናል፤ በዚህ መካከልም ብዙ የሚነገር ነገር ተጠራቅሟል። ይሁንና የኑሮውንና የሥራውን ወሬ ለሚቀጥለው ደብዳቤ አቆይቼ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ድሮ አንድ ኮንትሮለር እየተቀባበልን ስንጫወት ያከራክረን ስለነበረው ጉዳይ፣ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ብቻ ይሆናል። በቅርቡ ከተጫወትኳቸው መካከል ስለ አንዳንዶቹ ከአንተ በቀር እንደ ልቤ የማወራው ሰው የለኝም።

ከዕድሜ ጋር ምርጫዬ ተለውጧል። ድሮ ሁለታችንም የምናደንቀው የምስሉን ጥራት፣ የካርታውን ስፋትና የመሣሪያውን ብዛት ነበር። አሁን አንድ ጨዋታ ስጀምር የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ጨዋታ ያምነኛል ወይ? ዓይኔ ያየውን በራሴ አገናዝቤ የሚበጀኝን መወሰን እንደምችል አምኖ ይተወኛል ወይስ በየእርምጃው ቀስት እየጠቆመ፣ በየደቂቃው ማሳሰቢያ እያወጣ ይነዳኛል? ከዚህ በታች የምታነበው ፍርዴ ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ነው።

በዚህ ሚዛን ከሁሉ የበለጠብኝ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «አውተር ዋይልድስ» ነው። የሠራው ሞቢየስ ዲጂታል የተባለ ቡድን ሲሆን፣ መነሻው አሌክስ ቢቸም ዩኒቨርሲቲ ሳለ ለማስተርስ ዲግሪው የሠራው ፕሮጀክት ነበር። አንተ የመጀመሪያ በረራህን ልታደርግ የተዘጋጀህ የጠፈር ተጓዥ ነህ። ሌሊት ከእሳት ዳር ትነቃለህ፣ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ታወራለህ፣ የመንኮራኩርህን ማስነሻ ኮድ ትቀበላለህ፣ ከዚያም ከእንጨትና ከብረት በተገጣጠመች ደካማ መንኮራኩር ወደ ሰማይ ትወጣለህ። ወዴት እንደምትሄድ የሚነግርህ የለም። 22 ደቂቃ ያህል ሲሞላ ፀሐይዋ ትፈነዳለች፣ ሥርዓተ ፀሐዩ በሙሉ ይጠፋል፣ አንተም ተመልሰህ ከዚያው እሳት ዳር ትነቃለህ።

ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ይዘኸው የምታልፈው ነገር ቢኖር ያወቅኸው ብቻ ነው። የሚገዛ መሣሪያ፣ የሚያድግ ጉልበት፣ በነጥብ የሚከፈት ችሎታ የለም። በብዙ ድካም በመጨረሻ የደረስክበትን ቦታ ገና ጨዋታውን ስትጀምር ልትደርስበት ትችል ነበር፤ በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ አንተ በር መሆኑን አላወቅህም ነበር። በመንኮራኩርህ ውስጥ ያለው መዝገብ ያገኘኸውን ሁሉ በመስመር እያገናኘ ያስቀምጥልሃል፣ መደምደሚያውን ግን ለአንተ ይተወዋል።

አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልንገርህ። በፀሐይዋ አጠገብ እርስ በርሳቸው የሚዞሩ ሁለት መንትያ ፕላኔቶች አሉ። ዙሩ ሲጀምር አንደኛዋ ሙሉ በሙሉ በአሸዋ ተሸፍናለች፤ የሌላዋ ዋሻዎች ደግሞ ባዶና ክፍት ናቸው። ደቂቃዎቹ እየገፉ ሲሄዱ አሸዋው በጠፈር ላይ ተዘርግቶ ከአንደኛዋ ወደ ሌላዋ ይፈስሳል፤ ዋሻዎቹ ቀስ በቀስ ይሞላሉ፣ በመጀመሪያዋ ላይ ተቀብረው የነበሩት ማማዎች ደግሞ ተራ በተራ ብቅ ይላሉ። ስለዚህ አንድን ቦታ ለማየት የት እንዳለ ከማወቅህ በላይ መቼ መድረስ እንዳለብህ ማወቅ አለብህ። ከዋሻዎቹ በአንደኛው ውስጥ ቆሜ፣ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ ሕዝብ በግድግዳ ላይ የተወውን ጽሑፍ ሳነብ የተሰማኝን እስካሁን አልረሳውም። ጽሑፋቸው እየተጠማዘዘ የሚሄድ መስመር ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሲመልስለት ከዋናው መስመር ላይ ቅርንጫፍ ይወጣል፣ ለዚያ ቅርንጫፍም ሌላ ቅርንጫፍ። ተመራማሪዎቹ ሲከራከሩ፣ ሲቀላለዱ፣ አንዱ የሌላውን ስሌት ሲያርም እያነበብኩ ሳለሁ አሸዋው ከእግሬ ሥር ከፍ እያለ፣ ጣሪያውም ወደ ራሴ እየቀረበ ነበር። የመጨረሻዋን ቅርንጫፍ አንብቤ ልጨርስ ወይስ መውጫ ልፈልግ? ማንም ጠላት አላሳደደኝም፣ ሰዓት ቆጣሪም በስክሪኑ ላይ አልነበረም፤ ሆኖም በየትኛውም የተኩስ ጨዋታ ያልተጨነቅሁትን ያህል ተጨንቄ ነበር።

በረራው ራሱ ትምህርት ነው። ሞተሩን ስላጠፋህ መንኮራኩሯ አትቆምም፤ በጀመረችው ፍጥነት ትቀጥላለች። ስለዚህ ወደ አንድ ፕላኔት ስትሄድ ገና በመንገድ ሳለህ ወደ ኋላ መግፋት መጀመር አለብህ፣ አለበለዚያ ትላተማለህ። መንኮራኩሯን በራሷ የሚያበርራት መሣሪያ እንኳ ከፊትህ ፀሐይ መኖር አለመኖሯን አይመለከትም፤ የጠቆምከውን ቦታ ይዞ በቀጥታ ይሄዳል። ፕላኔቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ ነገር ግን እያንዳንዱ የራሱ ሕግ አለው። አንደኛዋ ውስጧ ባዶ ሆኖ በመካከሏ ብላክ ሆል አለ፤ ጨረቃዋ የምትተፋው የጋለ ድንጋይ ቅርፊቷን እየሰባበረ ወደዚያ ጉድጓድ ይጥለዋል። ሌላዋ ውቅያኖስ ብቻ ናት፤ በላይዋ የሚዞሩት አውሎ ነፋሶች ደሴቶቹን ከነሥራቸው ነቅለው ወደ ሰማይ ይወረውሯቸዋል።

ሙዚቃውን አንድሩ ፕራሎው ነው የደረሰው። ከአንተ በፊት የወጡ ተጓዦች በየፕላኔቱ ተበታትነው ይኖራሉ፤ አንዱ ባንጆ፣ ሌላው ዋሽንት፣ ሌላው ከበሮ፣ ሌላው ሃርሞኒካ ይጫወታል፣ በጨረቃው ላይ ያለው ደግሞ ያፏጫል። የድምፅ መቀበያህን ወደ አንዱ ስታዞር የእሱን መሣሪያ ብቻ ትሰማለህ። ራቅ ብለህ ወደ ጠፈር ወጥተህ ሁሉንም በአንድ አቅጣጫ ስታገኛቸው ግን፣ ለካ ሁሉም ሲጫወቱ የነበረው አንድ ዜማ ነው። ይህንን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም፤ በራሴ ጊዜ፣ በራሴ ጆሮ ደረስኩበት። ጨዋታ ያምናል ስል ይህንን ማለቴ ነው።

ጉድለት የለበትም አልልህም። አንድ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ስትሞት ያንኑ መንገድ ከመጀመሪያው መድገም አለብህ፤ አንዳንዴም መልሱን አውቀህ ሳለ እጅህ ስላልታዘዘ ብቻ ብዙ ትለፋለህ። መጨረሻው ግን ይህንን ሁሉ ያስረሳል። ስለ መጨረሻው አንድም ቃል አልጽፍልህም፣ ምክንያቱም ይህ ጨዋታ በሕይወትህ አንድ ጊዜ ብቻ የምትጫወተው ነው፤ ካወቅኸው በኋላ የሚቀረው ነገር የለም።

ቀጥሎ ልነግርህ የምፈልገው የሉካስ ፖፕ ሥራ የሆነውን «ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን»ን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሲሆን፣ ፖፕ ቀደም ሲል በ2013 «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ»ን የሠራው ሰው ነው። ምስሉ በሁለት ቀለም ብቻ፣ እንደ ድሮ ኮምፒውተር በነጠብጣብ የተሣለ ነው። ዘመኑ 1807 ነው፤ ጠፋች ተብላ የነበረች የንግድ መርከብ አንድም ሕያው ሰው ሳይታይባት ወደ ወደብ ትመለሳለች። አንተ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ የኢንሹራንስ መርማሪ ሆነህ ትሳፈራለህ፤ ሥራህም በመርከቧ የነበሩት 60 ሰዎች እያንዳንዳቸው ማን እንደነበሩና ምን እንደደረሰባቸው በመዝገብህ ላይ መጻፍ ነው። አንድ የኪስ ሰዓት አለህ፤ ከአንድ አስከሬን አጠገብ ስትከፍተው መጀመሪያ በጨለማ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ድምፆች ትሰማለህ፣ ከዚያም ሰውዬው በሞተበት ቅጽበት ሁሉም ነገር ደርቆ ቆሞ ይታይሃል፣ አንተም በመካከሉ እየተዘዋወርክ ትመረምራለህ።

ሰዎቹ ስማቸውን አይነግሩህም። በመዝገቡ የሠራተኞች ዝርዝር፣ የመርከቧ ንድፍና የሁሉም ፊት ያለባቸው ሥዕሎች አሉ፤ የቀረው የአንተ ዓይን ነው። መርከበኞቹ በሚተኙባቸው ተንጠልጣይ መኝታዎች ላይ ቁጥር መጻፉን ያስተዋልኩት በዚያ ክፍል ብዙ ጊዜ ከተመላለስኩ በኋላ ነው። ቁጥሩ ከሠራተኞቹ ዝርዝር ጋር ይገጥማል። ይህንን ካየሁ በኋላ ግን የጫማ ዓይነት፣ የንግግር ቅላፄ፣ ማን ከማን ጎን ቆሞ እንደነበረ፣ ሁሉም ማስረጃ ሆነብኝ። ጨዋታው ልክ መሆንህን የሚያረጋግጥልህ ሦስት ሰዎችን በትክክል ስትለይ ስለሆነ በግምት መሄድ ብዙም አያዋጣም። ሦስቱ ስሞች በመዝገቡ ላይ በማኅተም ሲጸኑ የሚሰማው ሙዚቃ የሰጠኝ ደስታ ከየትኛውም የድል ሽልማት ይበልጥብኛል። የማልወድለት ነገር አንዳንዱ የሞት መንስኤ በሁለት በሦስት መንገድ ሊገለጽ የሚችል መሆኑ ነው፤ ለዚህም ይመስለኛል ጨዋታው ለአንዳንዶቹ ከአንድ በላይ መልስ የሚቀበለው።

«ሴለስት»ን ታውቀው ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ፣ ማደሊን የተባለች ወጣት ተራራ የምትወጣበት ጨዋታ ነው። መነሻው በ2015 በአራት ቀን ውስጥ የተሠራ ትንሽ ጨዋታ እንደነበረ ሳነብ ተገርሜያለሁ። የምትሠራው ሦስት ነገር ነው፤ መዝለል፣ ግድግዳ መቧጠጥና በአየር ላይ አንድ ጊዜ መወርወር። ውርወራህን ከተጠቀምክ የማደሊን ቀይ ጸጉር ወዲያው ሰማያዊ ይሆናል፣ መሬት ስትነካ ተመልሶ ይቀላል፤ ስለዚህ ዓይንህን ወደ ስክሪኑ ጥግ ሳታዞር ያለህን ታውቃለህ። እንዲህ ያለ ብልህ ሥራ ብዙ ጊዜ አላየሁም።

ይህ ጨዋታ በጣም ከባድ ነው፣ ግን ጨካኝ አይደለም፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያስተማረኝ እሱ ነው። ስትሞት ወዲያውኑ ከዚያው ክፍል መግቢያ ትነሳለህ። ከዚህም አልፎ ሠሪዎቹ በግልጽ እንደተናገሩት፣ ጨዋታው ሳታውቀው ይረዳሃል፤ ከገደሉ ጫፍ ካለፍክ በኋላም ለቅጽበት ያህል መዝለል ይፈቅድልሃል፣ መሬት ከመንካትህ ትንሽ ቀድመህ የዝላዩን ቁልፍ ብትጫን ያስታውስልሃል፣ ራስህ የጣሪያ ጥግ ቢነካ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያሳልፍሃል። ተጫዋቹ ሊያደርግ ያሰበውን እንጂ ጣቱ የሳተውን አይቆጥርበትም። ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ወይም ጉልበት እንዳያልቅ ማድረግ ለሚፈልግም የእርዳታ ምርጫ አለ፤ ማንንም ሳያሳፍር ነው የሚያቀርበው። በተንጠልጣይ ሠረገላ ላይ ማደሊን በፍርሃት ተይዛ ትንፋሽ ሲያጥራት፣ ጓደኛዋ ቴዎ አንዲት ላባ በትንፋሿ እያንሳፈፈች እንድታስብ ይነግራታል፤ ያንን ላባ በአንድ ቁልፍ ከፍና ዝቅ የምታደርገው አንተ ነህ። እኔም ሳላስበው ትንፋሼን ከላባዋ ጋር አስማምቼ ነበር።

ከዚህ በተቃራኒ፣ ስሙን መጥራት ከማልፈልገው አንድ ግዙፍ ጨዋታ ጋር ብዙ ጊዜ አሳልፌ ሳልጨርሰው ተውኩት። ካርታው በምልክት ተሞልቷል፣ እያንዳንዱ ምልክት የሚያዝህ ያንኑ ሥራ ነው፣ አንድ ቦታ ለአፍታ ቆም ብዬ ዙሪያዬን ልይ ስል ገጸ ባሕርይዋ ራሷ መልሱን ትናገራለች። የመልክዓ ምድሩ ውበት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሠዓሊዎች እንደደከሙበት ያስታውቃል፤ እኔ ግን ስጫወት የማየው ተራራውን ሳይሆን በጥግ ያለችውን ትንሽ ካርታ ነበር። ያንን ትቼ ወደ 2017ቱ የዜልዳ ጨዋታ፣ ወደ «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» ተመለስኩ። እዚያ ማማ ላይ ስትወጣ የሚገለጥልህ የመሬቱ ቅርጽ ብቻ ነው፤ ምልክቱን ከላይ ሆነህ ያየኸውን እያስታወስክ ራስህ ታስቀምጣለህ። ነጎድጓድ ሲሆን የያዝከው ብረት ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፣ ቶሎ ካላወለቅኸው መብረቅ ይመታሃል። ይህንን የተረዳ ተጫዋች ብረቱን ጠላቶቹ አጠገብ ጥሎ ይሸሻል። ሣር ሲቃጠል የሚወጣው ሞቃት አየር በመንሳፈፊያ ጨርቅህ (በፓራግላይደርህ) ወደ ላይ ያነሳሃል። ሕጉ አንድ ነው፣ ለሁሉም ይሠራል፣ የቀረው ያንተ ብልሃት ነው። በዝናብ ጊዜ ገደል ስትወጣ መንሸራተቱ ግን አሁንም ያበሳጨኛል።

ስለ «ሲልክሶንግ» ያለህን አስተያየት ለመስማት በጣም እጓጓለሁ፣ ምክንያቱም ከእሱ በፊት የነበረውን፣ በ2017 የወጣውን «ሆሎው ናይት»ን ያስተዋወቅኸኝ አንተ ነህ። «ሲልክሶንግ» በ2019 ከታወጀ በኋላ እስከ መስከረም 2025 መጠበቃችን ቀላል አልነበረም። ቲም ቼሪ የተባለው ጥቂት ሰዎች ያሉት የአውስትራሊያ ቡድን የሠራው ዓለም ከመጀመሪያው የሰፋና በእጅ የተሣለበት ጥንቃቄም የጨመረ ነው። የአዲሱ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆርኔት ከመጀመሪያው ጨዋታ ባላባት ይልቅ ፈጣን ናት፤ ወደ ታች ስትመታ ሰያፍ ስለምትሄድ እጃችን የለመደውን ሁሉ እንደገና መማር ያስፈልጋል። ቁስሏን ስትፈውስ በአንድ ጊዜ ሦስት ጭምብል (የሕይወት ነጥብ) ታገኛለች፣ ነገር ግን ብዙ ጠላቶች በአንድ ምት ሁለት ይወስዱባታል። ይህ ሒሳብ አላስደሰተኝም። ስህተትህን ለማስተዋል ጊዜ ሳይሰጥህ ትሞታለህ፣ ከዚያም ወደ ቦሱ፣ ማለትም ወደ ገደለህ ዋና ጠላት፣ ለመመለስ ረዥም መንገድ ትሮጣለህ። ሠሪዎቹም ጨዋታው ከወጣ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ የመጀመሪያዎቹን አንዳንድ ቦሶች በመጠኑ አቅልለዋቸዋል። እኔ «ሲልክሶንግ» ተጫዋቹን ያምናል ባይ ነኝ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ያምነዋል፣ ርኅራኄው ግን ያንሰዋል። በመጀመሪያው ጨዋታ መንገድ ጠፍቶን ስንንከራተት የካርታ ሠሪው የኮርኒፈር ማንጎራጎር ከሩቅ ሲሰማን፣ መሬት ላይ የወዳደቁ ወረቀቶቹን ተከትለን ስናገኘው የነበረውን እፎይታ ታስታውሳለህ? እንዲያ ያለውን እፎይታ በአዲሱ ውስጥ የፈለግሁትን ያህል አላገኘሁም። አንተ ምናልባት በዚህ አትስማማኝም፤ ክርክርህን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

«ባላትሮ»ን በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ2024 የወጣ፣ አንድ ሰው ብቻውን የሠራው የካርታ ጨዋታ ነው። የፖከር እጅ፣ ማለትም ነጥብ የሚያስገኝ የካርታዎች ጥምረት፣ ትሠራለህ፣ 150 ከሚሆኑት ጆከሮች መካከል የምትመርጣቸው ነጥቡን እያባዙ ከመጠን በላይ ያሳድጉታል። ግሩም ሥራ ነው፤ አሠራሩም ግልጽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ዙር ሲያልቅ እጄ ሳላዘው ሌላ ስለሚጀምር ከስልኬ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ጊዜ ሲኖርህ ሞክረው፣ በሥራ ቀን ማታ ግን አትጀምረው።

ምክሬን ከተቀበልከኝ በ«ኦብራ ዲን» ጀምር፤ ወረቀትና እርሳስ ከአጠገብህ አይጥፋ። ከዚያ «አውተር ዋይልድስ»ን ክፈት። ስለ እሱ ምንም ዓይነት ጽሑፍ አታንብብ፣ ቪዲዮም አትይ፤ የሆነ ቦታ ላይ መንገድ ከጠፋህ መልሱን ከመፈለግህ በፊት ለእኔ ጻፍልኝ፣ መልሱን ሳልነግርህ ወዴት መመልከት እንዳለብህ ብቻ እጠቁምሃለሁ። «ኤኮስ ኦፍ ዘ አይ» የተባለ በ2021 የወጣ ተጨማሪ ክፍልም አለው። ገዝቼዋለሁ፣ ግን አልጀመርኩትም፤ አንተ ዋናውን ስትጨርስ ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ጀምረን፣ ያገኘነውን በየማታው እንድንጻጻፍ አስቤ ነው። ከተስማማህ የምትጀምርበትን ቀን ጻፍልኝ።

ለቤተሰብህ ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

አክባሪህና ናፋቂህ
ወዳጅህ